ባንኮኒዬን የሰበረው ባንክ ሰባሪ

ባለፈው ሰሞን የግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ወጥቼ የከሚሴን ዋና አስፋልት ይዤ ስሄድ የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። አዲስ ካፌ ሊከፈት ነው መሰለኝ፣ አናጢዎች ባንኮኒውን በረንዳ ላይ አውጥተው ይቀባሉ። እግሬ እምቢ አለኝ፤ ቆምኩ። አንዱ አናጢ፣ "እማማ፣ ልብስዎን እንዳይነካብዎ ራቅ ይበሉ" አለኝ። ራቅ አልኩ፤ ግን አልሄድኩም። ሌላውን ሰው የሚያስለቅሰው የእናቱ ወጥ ነው፤ እኔን የሚያስለቅሰኝ ቫርኒሽ ነው። ቢነግሩት የሚያስቅ ነገር ነው። ካፌው ያለበት ፎቅ ከላዩ ባንክ፣ ከጎኑም ባንክ ነው። ዛሬ ከሚሴ ላይ ከሻይ ቤት ይልቅ ባንክ ይበዛል፤ ገንዘቡ የት እንዳለ ግን እንጃ። በእኔ ጊዜ አንዲት ባንክ ነበረችን፤ ፊት ለፊቷ ደግሞ የእኔ ሻይ ቤት።

ሻይ ቤቴ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የጭቃ ቤት ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው አውቶቡስ ሁሉ በሯ ላይ አቧራውን ጥሎባት ያልፋል። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ዝንጅብል ያለው ትንሽ ይጨምራል፤ ፓስቲ ትኩስ ከሆነ ይሻማሉ፣ ከቀዘቀዘ ይከራከራሉ። ወንዶቹ ሽርጥ ታጥቀው ከላይ የሰልባጅ ኮት ይደርባሉ። ኮቱ የፈረንጅ፣ ሽርጡ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በእግራቸው የጎማ በረባሶ፤ ታዲያ ያምርባቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት መንዙማ እናሰማለን፣ ከሰዓት ዘፈን። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ይጎተትና፣ ባትሪውን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ባንኮኒዬ ግን የቤቱ ጌጥ ነበር። ደሴ ድረስ ሄጄ ያሠራሁት የዋንዛ ባንኮኒ፣ በቫርኒሽ የተወለወለ፣ ላዩ መስታወት፤ ፓስቲው ከሥር ተደርድሮ ይታያል። መስታወት ያለው ባንኮኒ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ ብል የዚያን ጊዜ ጎረቤቶቼ ይቀየሙኛል፤ ቢቀየሙም እውነት ነው።

የባንኩ ዘበኛ ይመር ይባል ነበር። የካኪ ኮቱ እጅጌ አጥሮበት አንጓው ይታያል፤ ጠመንጃው ከእሱ ይልቅ ያረጀ። ሻዩን ቁጭ ብሎ ጠጥቶ አያውቅም። ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ባንኩ አድርጎ፣ "ስኳሯን ጨመር አድርጊባት፣ እትዬ" ይለኛል። ሚስቱ ዘሃራ ልጇን ጀማልን አዝላ ምሳውን ይዛ ስትመጣ፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ ተቀብሎ የኮቱን የብረት ቁልፍ ያስይዘዋል። ስለ ይመር የማውቀው ይህን ነው። ከዚህ በላይ የሚያወራላችሁ ካለ ወሬ ነው።

መንግሥት ሊለወጥ ነው ወይስ ተለውጧል በሚባልበት፣ ማን እንደሚያዝ ማን እንደሚታዘዝ በማይታወቅበት ሰሞን ነው። የገበያ ቀን ነበር። አህመድ የሚባል የከብት ደላላ፣ ትከሻው በሬ የሚያህል፣ ድምፁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ከገበያ ሲመለስ ገባ። ቴፑ ላይ ዘፈን ነበር። "በዚህ ቀውጢ ቀን መንዙማ ነው እንጂ ይኼ ምንድን ነው?" አለ። ሌላው ደንበኛዬ "አንተ መቼ ነው መንዙማ የወደድከው፣ ወለም ያለውን ወይፈን በዘፈን አይደል የምትሸጠው?" አለው። ሰው ሳቀ። አህመድ ሲስቁበት አይወድም። ዱላውን አንሥቶ ባንኮኒዬን ጠለዘው። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀና ፓስቲው ላይ ረገፈ። ስብርባሪውን በእጁ ሲጠርግ መዳፉን ተረተረው። "እተካልሻለሁ እትዬ፣ ወላሂ እተካልሻለሁ" እያለ ነው ተኩሱ የተሰማው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ብዙ አይደለም። ከባንኮኒው ሥር ወደቅሁ። አህመድ ከእኔ ጎን ነበር፣ ደሙ በቀሚሴ ላይ ይንጠባጠባል። በበሩ በኩል የሚታየኝ የሰው እግር ብቻ ነው፤ የሚሮጥ እግር። ስንት እንደነበሩ አላውቅም። ፊታቸውን አላየሁም። ተኩሱ ሲያቆም ይመር ከባንኩ ደጃፍ ላይ ወድቆ ነበር፤ እዚያው ሞቷል። ባንኩ ተሰብሯል። ምን ያህል ወሰዱ? አንዱ በጆንያ ጭነው ሄዱ ይላል፤ ሌላው ገንዘቡ ቀደም ብሎ ወደ ኮምቦልቻ ተወስዶ ስለነበር ያገኙት ባዶ ሣጥን ነው ይላል። እውነቱን የሚያውቁት የሮጡት እግሮች ናቸው። አህመድ ያን ጊዜ ብድግ ብሎ፣ ዱላውን በኮቱ ሥር ሸጉጦ፣ የተቆረጠ እጁን በሽርጡ ጠቅልሎ ወደ ዘመዶቹ አገር ወደ ጨፋ ሮቢት ሸሸ። ሰው ሁሉ ሲሮጥ አይቶታል፤ ደም እየተንጠባጠበ፣ ኮቱ ሥር ረጅም ነገር ይዞ።

አሁን ወደ ቃሏ ልምጣ። ነገሩን ሁሉ ያጠፋችው አንዲት ቃል ናት። አህመድ ጨፋ ሮቢት ሲደርስ ዘመዶቹ ደሙን አይተው ደነገጡ። "ማል ታቴ፣ ያ አህመድ?" ምን ሆንክ ነው። እሱም ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ "ባንኮኒ ጨብሴ" አላቸው። ባንኮኒ ሰበርኩ ማለቱ ነው። እነሱ ገበሬዎች ናቸው፤ ማሽላና ጤፍ እንጂ ባንኮኒ የት አይተው ያውቃሉ? ሻይ የሚጠጡት መደብ ላይ ተቀምጠው ነው። የከሚሴ ባንክ ተሰበረ የሚለው ወሬ ግን ከእሱ ቀድሞ ደርሷቸዋል። "ባንኪ ጨብሴ" አለ ብለው ሰሙ፤ ባንክ ሰበርኩ። በቃ። በኦሮምኛ የሄደችው ባንኮኒ በአማርኛ ባንክ ሆና ወደ ከሚሴ ተመለሰች። እሱ መፈለጉን ሲሰማ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻገረ። ሸሸ ሲባል ደግሞ የቀረችው ጥርጣሬም አለቀች።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ የእኛ አገር ሰው መላውን በእንቅብ ነው የሚጨምረው። እየዋለ እያደረ አህመድ "አህመድ ባንኪ" ሆነ። በሴት ልብስ ተከናንቦ ገባ ተባለ፤ ያንን ትከሻ የሚሸፍን የሴት ልብስ ማን እንደሰፋለት እንጃ። ጥይት አልተተኮሰም ተባለ፣ ዘበኛው እያለቀሰ በሩን ከፈተለት ተባለ። ገንዘቡን ለጨፋ ድሆች አከፋፈለው፣ ለባል አልባዎች በሬ ገዛላቸው ተባለ። በሬ የተገዛላትን ሴት እስከ ዛሬ አንድም አላገኘሁም፤ የአክስቴ ጎረቤት ተገዝቶላታል የሚሉ ግን ብዙ አግኝቻለሁ። የተረፈው በቦርከና ወንዝ ዳር ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀብሯል ብለው የሚቆፍሩ ጎረምሶችም ነበሩ። ሰርግ ላይ ሳይቀር ስሙን እየጠሩ ይጨፍሩበታል። ሌላ አገር ብትሄዱም እንዲሁ ነው፤ የጥንት ባንክ ሰባሪ ሁሉ ለጋስ ነው፣ ሁሉም መልከ መልካም ነው፣ ደም ያፈሰሰ የለም። እኔ ግን የይመርን ደም ከአስፋልቱ ላይ በውኃ ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ ዘሃራ እንዳታየው ብዬ።

ዝም አላልኩም። ላገኘሁት ሁሉ ነግሬያለሁ። "አህመድ በዚያ ሰዓት የእኔን ባንኮኒ ነው የሰበረው" ስል ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንድ ሹም፣ "አንቺ ደግሞ ባንኮኒሽን ከባንክ እኩል ልታደርጊው ነው?" አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ያየሁት እውነት እያደር ደፈረሰ እንጂ አልጠራም። እውነቱ አጭር ነበር፣ ዘፈን አይወጣለትም። የእነሱ ወሬ ያምር ነበር፤ አንዳንዴ እኔም ራሴ ስሰማው ደስ ይለኝና በራሴ እናደዳለሁ።

ሌላ ወሬም ነበር፤ የማይዘፈን። የዘሃራ ቤት ወሬ። በዚያ ቤት ወሬ ጥይት ተተኩሷል፣ ይመርን የገደለውም አህመድ ነው። ዘሃራ ባሏ የሞተባት ገና በልጅነቷ ነው፤ ጀማልን በሽንኩርትና በቃሪያ ንግድ አሳደገችው። የከተማው ልጅ ሁሉ የአባቱን ገዳይ ስም እየጠራ ሲጨፍር ያ ልጅ ጥግ ይዞ ያዳምጣል። ለእሷም ነግሬያት ነበር። "ከድጃ፣ ደግ ሴት ነሽ፣ ሐዘኔን ልታበርጂልኝ ነው" አለችኝ እንጂ አላመነችኝም። ሁለቱም ወሬ፣ የሚጨፈርበትም የሚለቀስበትም፣ አንድ ሰው ላይ ነው የቆመው። ያም ሰው ጅዳ ይሁን የት፣ በሰው ግቢ አበባ ውኃ ያጠጣ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ባጃጅ ከሚሴን ሞላት፤ ጀማልም ባጃጅ ነጂ ሆነ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እንደ አባቱ እጅጌ የሚያጥረው ልጅ። ከዚያ ስደተኛው ከዐረብ አገር በገፍ የተመለሰ ጊዜ አህመድም መጣ። አንድ ከሰዓት ደጃፌ ላይ የቆመ ከሲታ ሽማግሌ፣ "አካም ጅርታ፣ እትዬ ከድጃ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲለኝ አላወቅሁትም። መዳፉን ዘርግቶ ጠባሳውን ሲያሳየኝ ነው ያወቅሁት። ያ ትከሻ የት ገባ? ያመጣው ነገር ቢኖር አንዲት ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ነው። ከተማው ግን አላመነም፤ ደብቆት ነው እንጂ አለ። ጎረምሶች ሻይ እየጋበዙ ይከቡታል፣ "አባ፣ እንዴት አድርገው ገቡ?" ይሉታል። እሱ አዎም አይል፣ አይደለምም አይል፤ ሻዩን ይጠጣል። ተናደድኩበት። በኋላ ግን ሻይ ከመጋበዝ በቀር ምን የቀረው ነገር አለ ብዬ ተውኩት።

ያሳሰበኝ ጀማል ነው። ሰዎች "የአባትህ ገዳይ ፊት ለፊትህ ሻይ ይጠጣል፣ አንተ ወንድ ነህ?" ማለት ጀመሩ። ልጁ ባጃጁን ከሻይ ቤቱ ማዶ አቁሞ ተሳፋሪ እየጠራው ሳይሰማ አህመድን ሲያይ ይውላል። ዘሃራ ይህን አይታ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄደች። ሼህ እንድሪስ አባጋር ናቸው፤ እኛ አገር ደም የተቃቡትን በዱዓ የሚያስታርቅ፣ ሥልጣኑ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ሽማግሌ አባጋር ይባላል። "ልጄ እጁን በደም ሳይነክር አስታርቁኝ" አለቻቸው። ሽማግሌ ወደ አህመድ ተላከ። አህመድም እሺ አለ።

ይህን ራሱ ሲነግረኝ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"ምን ብለህ ነው እሺ ያልከው?" አልኩት።

"በእጄ ጠፍቷል እላለሁ። ዘመዶቼ አዋጥተው ካሳውን ይከፍላሉ። ይቅር ይሉኛል፣ አበቃ።"

"ያላደረግከውን?"

"እትዬ፣ ያላደረግኩትን ተሸክሜ አይደል እስካሁን የኖርኩት? አንድ ቀን ብናገረው ምን ይጨምራል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጁን አይተሽዋል? ቀኑን ሙሉ ከማዶ ሆኖ ያየኛል። አንድ ቀን ያደርገዋል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብሞትም ሞትኩ። እሱ ግን እስር ቤት ያረጃል። ለእሱም ለእኔም የሚሻለው ይኸ ነው። አብሽሪ።"

አጥፍተሃል ልለው አልችልም፣ ደግ ሠራህ ልለውም አልችልም። ባንኮኒዬን ሰብሮ የሸሸው ያ ጉልበተኛ ይህን ያስባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የዕርቁ ቀን ከሮቢት በታች፣ ሸለቆው በሚታይበት በትልቁ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ማሽላው አሽቶ ነበር። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ፣ እኛ ሴቶች ወደ ጎን። ዘሃራ አዲስ ሻሽ አስራለች፤ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈ መሰለኝ። ጀማል አንገቱን ደፍቶ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጧል። ጫቱ ተዘረጋ፣ ሼህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ ሁላችንም አሚን አልን። እኔ ዝም ብዬ አሚን ብዬ ልመለስ ነበር የሄድኩት፤ አላህ ምስክሬ ነው። አህመድ ተነሥቶ "በእጄ ጠፍቷል" አለ። ዘሃራ ዓይኗን ጨፈነች። ሼሁ ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ የደም ዕርቅ ያለ ምስክር አይዘጉም።

"ከድጃ" አሉኝ፣ "ያን ቀን ቤትሽ ከባንኩ ፊት ለፊት ነበር። በዚህ ዱዓ ላይ ሐሰት የለም። ያየሽውን ተናገሪ።"

አህመድ አየኝ። በዓይኑ ለመነኝ። እኔ ግን በአላህ ስም ተጠይቄ መዋሸት አልቻልኩም። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዘፈኑን፣ ዱላውን፣ መስታወቱን፣ ተኩሱ ሲሰማ አህመድ ከጎኔ እንደነበረ። ባንኮኒና ባንክ እንዴት እንደተቀያየሩ ስናገር ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ሼህ እንድሪስ አህመድን "እንዲህ ነው?" አሉት። እሱም "እንዲህ ነው" አለና ተቀመጠ።

ሰው ያጉረመርም ጀመር። ዘሃራ ግን ተነሥታ ቆመች። እኔን እንጂ ሌላ ሰው አላየችም። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ከድጃ፣ እኔ እኮ ይቅር ብዬ ነው የመጣሁት" አለች። "ስንት ዓመት ታግዬ፣ ስንት ሌሊት አልቅሼ፣ ይህንን ሰው ይቅር ብዬ ነው የመጣሁት። ልጄንም አሳምኜ ነው ያመጣሁት። አሁን ማንን ይቅር ልበል?"

ሼሁ "አላህ ያውቃል፤ ደሙ ባለቤት አላገኘም" ብለው በአጭር ዱዓ ዘጉት። ዘሃራ ሻሿን እያስተካከለች፣ እንዳመጣጧ ሳይሆን ዝግ ብላ፣ በማሽላው መሐል መንገዱን ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልነሣችኝም፤ ቃሪያም ትሸጥልኛለች። ከሰላምታው ያለፈ ነገር ግን የለንም።

ከተማው እንደሆነ አላመነኝም። "ከድጃ የተቀበረውን ተካፍላ ነው" ተባለ። እኔም በስተርጅና የተረቱ ተካፋይ ሆንኩ። አህመድን የሚጋብዙት ጎረምሶች ትንሽ ቀነሱ፤ አንዳንዶቹ "አባ ባንኮኒ" ብለው ይቀልዱበታል፣ ሌሎቹ ግን ተንኮሉ ነው ብለው የበለጠ አደነቁት። ባለፈው ክረምት ሞተ። ቀብሩ ላይ አንዱ ወጣት ለሌላው የሴት ልብሱን ታሪክ ሲያወራለት ሰማሁ፤ ልጣላው ብዬ ነበር፣ ተውኩት። እውነት መናገሬን አልጠላውም፣ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። ግን ያን ቀን የዘሃራን ፊት አርፎ ያየሁት ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ይህ ይከብደኛል።

ከቀብሩ የተመለስኩት በጀማል ባጃጅ ነው። ከመላው ከተማ አምኖኝ የነበረው እሱ ብቻ መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት። ከጎኔ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ከዘራ የያዙ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌ ተሳፍረው ነበር፤ ጀማል መንገዱን ሙሉ በመስታወቱ ሲያያቸው መጣ። መስጊዱ ጋ ወረዱ፣ ሂሳብ ሰጡት፣ መረቁት፣ እሱም አሚን አለ። አልተንቀሳቀሰም። እስኪርቁ ድረስ በዓይኑ ከተላቸው በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"እማማ" አለኝ፣ "እኚህ ሰውዬ ያኔ፣ አባቴ ሲገደል፣ ጎልማሳ አይሆኑም ነበር?"